ኮሌታና ያልነበረው ጠጠር

በዚያ የሸሚዝ ማምረቻ ሰው እናት አባቱ ባወጡለት ስም አይጠራም። ኪስ የምትሰፋው ኪስ ናት፤ እጅጌ የምትገጥመው እጅጌ ናት፤ ቁልፍ የሚተክሉት ሽማግሌ ጋሽ ቁልፍ ናቸው። ሁሉን የምትቆጣጠረው አለቃ ደግሞ መቀስ ከአንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ እትዬ መቀስ ትባላለች። ይህ ታሪክ የኮሌታ ነው። ኮሌታ ገና ሳታገባ ጀምራ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ኖራ፣ ዛሬ ልጆቿ ራሳቸውን ችለው ከቤት ወጥተዋል። የአውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ እንኳ ሲያሾፍባት «ኮሌታዬ» ነው የሚላት።

ስፌቱ የሚሄደው በመስመር ነው። ኮሌታ የጨረሰችውን በግራዋ ለተቀመጠችው ለእጅጌ ትገፋላታለች፤ እጅጌ ደግሞ ለሚቀጥለው። አንዷ ከቆመች ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ፤ እትዬ መቀስም ከወዲያኛው ጫፍ እያጉረመረመች ትመጣለች። ስለዚህ በዚያ ቤት ማንም ያልጻፈው ደንብ አለ። አንዷ የታመመች እንደሆነ ጎረቤቷ ሥራዋን ትካፈልላታለች፣ እስኪሻላት ድረስም ማንም ቅር አይለውም። ግን ሕመሙ ስም ሊኖረው ይገባል። ዝም ብሎ አመመኝ ማለት ከሥራ መሸሽ ነው የሚመስለው።

የኮሌታ ሕመም ስም አልነበረውም። ከምሳ በኋላ በቀኝ ጎኗ፣ ከጎድን አጥንቷ በታች ቀስ ብሎ ይነሳና አንጀቷን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዝዘዋል። አንዳንድ ቀን ወዲያው ይለቃታል፤ አንዳንድ ቀን እስኪመሽ ይዟት ይውላል። በመጀመሪያ ሆድ ይፍጀው ብላ ጥርሷን ነክሳ ሰፋች። ኋላ ግን ክብደቷ እየቀነሰ፣ ቀሚሷ ወገቧ ላይ እየሰፋ ሲሄድ ባሏ አስገድዶ ሆስፒታል ወሰዳት።

ያልተመረመረችው ነገር የለም። ደም ሰጠች፣ ሽንት ሰጠች፣ ሆዷን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው በአልትራሳውንድ አዩላት፣ በጉሮሮዋ ቱቦ አስገብተው ጨጓራዋን ፈተሹላት። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ውጤቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና ፈገግ ብሎ፣ ሁሉም ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብዎትም አላት። ባሏ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ፈጣሪውን አመሰገነ። እሷ ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ አለቀሰች። ለምን እንደምታለቅስ ስታውቀው ራሷን ፈራችው፤ የሆነ ነገር እንዲገኝባት ፈልጋ ኖሯል። ጤነኛ ነሽ ተብላ ሆዷን ይዛ መሄዷ ብቻዋን የቀረች ያህል ተሰማት።

በማግስቱ ሥራ ስትገባ የስፌት መኪኖቹ ገና አልተነሱም ነበር። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። ምን አሉሽ ብላ የጠየቀቻት ኪስ ናት፤ ወሬ ከመጀመሪያ እጅ ካላገኘች ቀኑ አይነጋላትም። «ምንም የለብሽም አሉኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያች ቅጽበት ትናንት ወረፋ ላይ አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ሴት ትዝ አለቻት። የሐሞት ጠጠር ተገኝቶባት እህቶቿ አንዷ ቦርሳዋን ይዛላት፣ አንዷ ጀርባዋን እያሸችላት፣ እንደ ንግሥት ተከብባ ነበር።

«የሐሞት ጠጠር» አለች ኮሌታ።

ከአፏ ከወጣ በኋላ መመለሻ አልነበረውም። ኪስ ደረቷን መታች። እትዬ መቀስ የራሷን ወንበር ትራስ አምጥታ ከጀርባዋ አደረገችላት፤ እትዬ መቀስ ትራስ ስታቀብል በዚያ ቤት የታየው ያን ቀን ነው። ጋሽ ቁልፍ የአጎታቸውን ልጅ ጠጠር አወሩ፤ ቁልፍ ያክል ነበር አሉ። እሳቸው በዓለም ላይ ያለውን ነገር ሁሉ የሚለኩት በቁልፍ ስለሆነ ማንም አልገረመውም። እጅጌ ግን ከኮሌታ ፊት ካለው ክምር ግማሹን አንስታ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ወሰደች።

የሚያሳፍረው ነገር፣ ከዚያ በኋላ ኮሌታ ሻል አላት። ሕመሙ መምጣቱ አልቀረም፤ ሲመጣ ግን መደበቅ አላስፈለጋትም። ጎንበስ ብላ ትቆያለች፣ ሰው አይዞሽ ይላታል፣ ያልፋል። በጎን በኩል ደግሞ እጅጌ የሁለት ሰው ሥራ ስለያዘች ሌላው ወደ ቤቱ ሲሄድ እሷ ትቀራለች። አንድ ቀን የቀኝ እጇን አንጓ በጨርቅ ጠምጥማ መጣች። ምን ሆንሽ ስትባል ምንም አይደለም አለች። ኮሌታ ያን ጨርቅ ባየች ቁጥር ዓይኗን የምታሳርፍበት ታጣለች። ነገ እነግራታለሁ ትላለች፤ ሲነጋ ደግሞ ለሌላ ነገ ታስተላልፈዋለች።

ጉዱ የፈላው ባሏ አውቶቡሱን ወደ ማደሪያው ሲመልስ በዚያው ሊወስዳት ማምረቻው በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። ኪስ ከሩቅ አይታው እየሮጠች ሄደችና ለኦፐሬሽኑ ቀን ተቆረጠላት ወይ ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ክው አለ። ኮሌታ ስትደርስ በሩን ከፍቶ አስገባት። መሪውን ይዞ ጥቂት እንደነዳ ግን መንገዱ ዳር አቆመና ሞተሩን አጠፋው። በዚያ ሁሉ ባዶ ወንበር መሐል ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ለባዳ ነግረሽ ከእኔ ትደብቂያለሽ?» አላት። ንጹሕ ነው የተባለው ውሸት መስሎት፣ ልትሞት ነው ብሎ ደምድሞ ነበር።

ምንም ጠጠር እንደሌለ፣ ከራሷ ፈጥራ እንደተናገረች ነገረችው። መጀመሪያ እፎይ አለ። ቀጥሎ ፊቱ ተቀየረ።

«ታዲያ ሕመሙስ? እሱም ከዚሁ ወገን ነው?»

ከሕመሙ ሁሉ ያ ጥያቄ በረታባት። በውሸቷ የገዛችው ሐዘኔታ ሰው በእሷ ላይ ያለውን ጥቂት እምነት ጭምር ይዞባት መሄዱ ያኔ ገባት።

ብዙም ሳይቆይ ለብቻዋ ሰፈሯ ወዳለው አነስተኛ ክሊኒክ ሄደች። እዚያ ያሉት ሐኪም በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። የቀድሞውን ውጤት አንድ በአንድ አነበቡ፤ ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጠው እጃቸውን አሟሙቀው ሆዷን ዳሰሱ። በስንት ሰዓት እንደሚነሳባት፣ ያኔ እንዴት እንደተቀመጠች፣ ምን ስታስብ እንደነበር ጠየቋት። ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ምርመራው አልተሳሳተም አሏት፤ ሆድ ሳይቆስልም ሳያብጥም አሠራሩ ተዛብቶ ሊያም ይችላል፣ ሕመሙም የእውነት ሕመም ነው። ትንሽ ትንሽ እየበላች፣ ምሳዋን ሳትጣደፍ፣ ሲነሳባት ቀና ብላ በዝግታ እየተነፈሰች፣ ሙቅ ነገር እየያዘች እንድታልፈው መከሯት። ክብደቷን በየጊዜው እየመጣች እንድትለካ፣ ደም ካየች ወይም ከባሰባት ሳትውል ሳታድር እንድትመጣ አስጠነቀቋት። ይጠፋል ብለው ግን ቃል አልገቡላትም።

«ስሙን ይንገሩኝ» አለቻቸው።

«ስምማ አለው ልጄ። ግን ለሰው ብትነግሪው ማንም አይደነግጥልሽም» አሏትና እሳቸውም ሳቁ፤ እሷ ግን መሳቅ አልቻለችም።

በሌላ ቀን ባሏን ይዛው ሄደች፤ ሐኪሟ ያንኑ ለእሱም ነገሩት። መሬት መሬት እያየ ሰማ። ማታ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ጎኗ ላይ አደረገላትና ብዙ ፈራ ተባ ካለ በኋላ ይቅርታ ጠየቃት። ያንን ማድረግ ለእሱ ከባድ እንደሆነ ስለምታውቅ አላስጨነቀችውም።

የቀረው ማምረቻው ነበር። በምሳ ሰዓት ሁሉም ምሳ ዕቃውን ከፍቶ እንደተቀመጠ ተነስታ ተናገረች። ጠጠር የለብኝም፣ ዋሽቻችኋለሁ፣ ሕመሙ ግን እውነት ነው አለች። ጋሽ ቁልፍ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኪስ ምሳ ዕቃዋን ከደነች። እትዬ መቀስ ሄዳ ትራሷን አነሳች። ከምሳ በኋላ ክምሩ በሙሉ ኮሌታ ፊት ተመልሶ ነበር፤ እጅጌ ራሷ ናት የመለሰችው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይነጋገሩ ከረሙ። ኮሌታ ሕመሙ ሲነሳባት ሐኪሟ እንዳሏት ቀና ብላ ትተነፍሳለች፣ ያልፋል፣ ትሰፋለች። ዝምታውን ግን በመተንፈስ የምታሳልፈው አልሆነም። አንድ ቀን ሠራተኛው ሲወጣ እጅጌን በር ላይ ጠብቃ እጅሽን አሳመምኩሽ፣ ይቅር በይኝ አለቻት።

እጅጌ ያን ጊዜ ነው ዞር ብላ ያየቻት።

«የተቀየምኩሽ ለእጄ ብዬ አይደለም። ሆስፒታል ከመሄድሽም በፊት እኮ ሲያምሽ አይሽ ነበር። ፊትሽ ሲገረጣ ከክምርሽ እየቀነስኩ እሰፋልሽ ነበር፤ አንቺ አላየሽም። እኔ ያመንኩት ፊትሽን ነው፣ ጠጠርሽን አይደለም። አሁን ግን ፊትሽን ሳይ እውነቱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

ኮሌታ መንገድ ላይ ቆማ፣ ሰው እያያት፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ስትለምነው የኖረችው ነገር አጠገቧ ተቀምጦ እንደነበረ አሰበች። በገዛ አፏ ነው ያጣችው።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቀን፣ ከምሳ መልስ፣ ሕመሙ ከወትሮው በርትቶ መጣ። ቀና አለች፣ ተነፈሰች፣ አልለቀቃትም። ከእሷ በኋላ ያሉት መኪኖች አንድ በአንድ ቆሙ። እትዬ መቀስ ከወዲያኛው ጫፍ ስትነሳ ታየቻት። ኮሌታ ወደ ግራዋ ዞረችና ሌላ ምንም ሳትጨምር «አሞኛል» አለች።

እጅጌ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። ፊቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የቱ ጋ ነው?» አለቻት።

ኮሌታ የእጅጌን እጅ ወደ ጎኗ ወስዳ አሳየቻት።