የጋሽ ሚሊ መስመር

አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም። አስቀድሜ የምናገረው፣ ያን ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ አፉን ስለከፈተበት ነው። መስታወት ቤቱ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እሱ ይለካል፣ እኔ ፍሬም እገጥማለሁ፣ ጋሽ ሚሊ ይቆርጣሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ከተሰጣቸው ልክ አንዲት ሚሊሜትር ዝንፍ አይሉም። አለቃችንንም ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ጠጥተው መምጣት ጀመሩ። በመስታወት ቀልድ የለም፤ አንድ ቀን ትልቅ መስታወት ከእጃቸው አምልጦ የጫኚውን እግር ለጥቂት ሳተው። ሌላ አለቃ ቢሆን አፋቸውን አሽትቶ ያባርራቸው ነበር። የእኛው ግን ያሳደገኝን ሰው አፍ አላሸትም ብሎ ሌላ ዘዴ ፈጠረ። ጠዋት ጠዋት በቁርጥራጭ መስታወት ላይ በመቁረጫው መስመር ያሰምራቸዋል፤ ቀጥ ካለ ወደ ሥራ፣ ከተንጋደደ ወደ ቤት። እሳቸውን ብቻ የነካ እንዳይመስል እኛንም ያሰምረናል። የእኔ ሁልጊዜ ስለሚንጋደድ ጋሽ ሚሊ፣ «አንቺማ ከተወለድሽ ጀምሮ ሰክረሻል» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ሁለት ቀን በተከታታይ ተንጋደደባቸው። አለቃችን ለብቻ ጠርቶ፣ ወይ መጠጡን ወይ ሥራውን ይተዉ፣ ሰው ሳይሞትብን ብሎ ለመናቸው። ቃል ሰጡት፤ እሱም እስከ ሰኞ ይረፉ አላቸው። አንድ ጊዜ ቢደገም መጨረሻቸው እንደሆነ ሁላችንም አወቅን።

ሰኞ ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። መቁረጫውን ሲያነሱ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግንባራቸው በላብ ርሷል። መስመሩ ተጥመለመለ። ሌላ ቁራጭ ወሰዱ፤ ያም ተሰበረ።

«ልጄ፣ ዛሬ እኮ…» ብለው ጀመሩ።

አለቃችን ከጠረጴዛው ማዶ ቆሞ፣ «ይበቃል ጋሼ፤ ቃል ሰጥተውኝ ነበር» አላቸው።

መቁረጫውን አስቀምጠው፣ ሽርጣቸውን አስፈትተው ወጡ።

በምሳ ሰዓት ልጃቸው ሳህን በፎጣ ቋጥራ መጣች። «ጠዋት በባዶ ሆዱ ነው የወጣው» አለችን። አለቃችን ስለ መጠጡ ሲያነሳባት ግራ ገባት።

«አባዬ ከቀመሰ አራት ቀኑ ነው። ከተወው ጀምሮ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያልበው ነው የሚያድረው። አልነገረህም እንዴ?»

አለቃችን ሱቁን ክፍት ጥሎ ሮጠ፤ እኔም ተከተልኩት። ጋሽ ሚሊን ያገኘናቸው ጥግ ካለው መጠጥ ቤት ነው። ሁለተኛውን ጠርሙስ ጨርሰዋል፤ እጃቸው ጸጥ ብሏል። አለቃችን ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ እንሂድ አላቸው። ራሱን ዳበስ ዳበስ አደረጉለት።

«ሳልጠጣ ካባረርከኝ፣ ጠጥቼ ምን ብዬ ልመለስ ልጄ?»

አልተመለሱም። አለቃችን ዛሬም ሰው ሲያማው መልስ አይሰጥም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ልነግረው እነሳና ያቅተኛል። ያን ጠዋት ሽርጣቸውን የፈታሁላቸው እኔ ነበርኩ። ትንፋሻቸው ፊቴ ላይ ነበር፤ መጠጥ የሚባል አልሸተተኝም። አወቅኩ፤ አለቃዬን በሰው ፊት ላለማሳፈር ብዬ ዝም አልኩ።