ፍላሽ ያላየ ላፕቶፕ

በግብርና ባለሙያነት ጂንካ በተመደብኩ በአራተኛው ዓመት ከደመወዜ ቆጥቤ ላፕቶፕ ገዛሁ። አዲስ አበባ የሸጠልኝ ሰው ምላሱ ጤፍ ይቆላል፤ ከተለመደው የአንድ ዓመት ዋስትና ላይ ሌላ ሁለት ዓመት የሚጨምር ወረቀት አስገዛኝ። ለቢሮ ጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ። ለወረቀት የሚከፍል ሰው አይተው አያውቁም። እኔም አፍሬ ወሬውን ተውኩት።

የምኮራበት ሌላ ነገር ነበር። በቢሯችን ፍላሽ የተባለ ሁሉ ቫይረስ ተሸካሚ ነው፤ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲዞር የስንቱን ሪፖርት ዶግ አመድ አድርጓል። ስለዚህ በእኔ ላፕቶፕ ላይ ማንም ፍላሽ እንዳይሰካ ከለከልኩ። የአለቃዬን እንኳ መልሻለሁ። ውስጡ ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሰበሰብኩት መረጃ አለ። ሦስት የምርት ዘመን ወደ አርቦሬ ገበሬዎች እየወረድኩ፣ ማሽላቸውን በምን እንደሚለዩ፣ ዝናብ ሲጠፋ የትኛውን እንደሚዘሩ፣ ለዘር የሚሆነውን እንዴት እንደሚያኖሩ በአስተርጓሚ ጠይቄ የጻፍኩት ነው። አብልጠው ያስተማሩኝ ሽማግሌ ከዚያ ወዲህ አርፈዋል። በኢንተርኔት ልልከው ብሞክር ደግሞ ያኔ የነበረው ኔትወርክ እንኳን ፋይል ሰላምታም አያደርስም።

የቢሯችን ጸሐፊ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። በታይፕ ዘመን የተቀጠሩ፣ ከዋናው ወረቀት ሥር ሁለት ካርቦን ሳይደርቡ አንድ መስመር ጽፈው የማያውቁ ሴት ናቸው። ፍላሻቸውን እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። አንድ ቀን፣ “ልጄ፣ ኮፒ የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ነው” ብለው ሲዘረጉልኝ፣ ቫይረስ አለበት ብዬ በሰው ፊት መለስኩላቸው። አልተቆጡም። መልሰው አጠለቁት። አሁንም ሳስበው አፍራለሁ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ለማስረከብ ሁለት ወር ሲቀረኝ ላፕቶፑ አልነሣም አለ። ቻርጀር ብቀይር፣ ቁልፉን ብጫን፣ ብለምነው ዝም። ገበያው አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ አገላብጦ አየውና፣ ከፍቶ ሊሞክር እንደሚችል፣ ከከፈተው ግን ማኅተሙ ስለሚቀደድ ዋስትናው እንደሚቀር ነገረኝ። ሌላው ቢሆን ከፍቶ ነው የሚነግረኝ። አመስግኜው የዋስትናውን ወረቀት ፍለጋ ቤቴ ገባሁ።

ፍራሹን ገለበጥኩ፤ ሻንጣውን ዘረገፍኩ፤ የለም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ሞኝነቱ ሳይጎድለኝ ወረቀቱን ለቅቄዋለሁ።

በማግስቱ ጸሐፊያችን ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ተነሥተው ከመደርደሪያው የእኔን ፋይል አወጡና ገለጥ ገለጥ አድርገው አንድ ወረቀት ፊቴ አስቀመጡ። ላፕቶፑን እንደገዛሁ ኮፒ እንዲያነሡልኝ ስሰጣቸው አንድ ጨምረው አስቀርተው ኖሯል። ወረቀቱን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። እሳቸውም ስለ ፍላሹ ምንም አላነሡም።

የዓመት ፈቃድ ወስጄ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ አዲስ አበባ ወጣሁ። የሸጠልኝ ድርጅት የጥገና ክፍል ሠራተኛ ኮፒውን ከላፕቶፑ መለያ ቁጥር ጋር አመሳከረችና ተቀበለችኝ። እፎይ ከማለቴ የምፈርምበት ቅጽ ቀረበ፤ በጥገና ላይ ለሚጠፋ መረጃ ድርጅቱ ኃላፊ አይደለም ይላል። ኮፒ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። የለኝም ስላት ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ፈረምኩ። ሦስት ቀን እዚያው ከተማ ጠበቅኩ። አርቦሬ ተመልሼ ያንኑ ጥያቄ ስደግም፣ ያኔ የነገርንህን የት ጣልከው ሲሉኝ ይታየኛል።

በአራተኛው ቀን ቴክኒሻኑ ጠራኝ። የተበላሸው ማዘርቦርዱ ነበር፤ በዋስትናው በነፃ ተቀይሯል፤ መረጃው ያለበት ዲስክ አልተነካም። እዚያው ባንኮኒው ላይ ከፈትኩት። ያረፉት ሽማግሌ የነገሩኝ ሁሉ እንደጻፍኩት ተቀምጧል። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። ቴክኒሻኑ አሁኑኑ ገልብጠው ብሎ የራሱን ፍላሽ አቀበለኝ። ልማድ ክፉ ነው፤ ቫይረስ ይኖርበት ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። ሰውየው አየት አድርጎኝ መልሶ ኪሱ ከተተው።

የመልሱ ጉዞ ቅጣቴ ሆነ። አውቶቡሱ ጉብታ በዘለለ ቁጥር፣ ምን ነበር ብገለብጠው እያልኩ ራሴን እረግማለሁ። ቀይ አፈር ከተማ ስንደርስ የሐሙስ ገበያ ቆሞ ተሳፋሪው ማር ሊገዛ ሲወርድ እኔ ላፕቶፑን ታቅፌ ቀረሁ።

ጂንካ ስደርስ ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊያችን ሊወጡ ቦርሳቸውን አንግበዋል።

“ፍላሽዎን ያውሱኝ” አልኳቸው።

“ቫይረስ አለበት” አሉኝ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

“ከነቫይረሱ ይስጡኝ።”

ቦርሳቸውን አስቀመጡ። ፍላሹን ከአንገታቸው አወለቁ። ከዚያም መሳቢያቸውን ከፍተው ሌሎች ሁለት አወጡና ሦስቱንም ፊቴ ደረደሯቸው። ሦስተኛው ተገልብጦ እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም ወደ ቤት አልሄድንም።