ክንዱ ያልተንቀጠቀጠበት ቀን

አጎቴ ሸክላ ከማጫወታቸው በፊት የማጫወቻውን ክንድ በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ክንዱ መርፌውን የሚሸከመው ቀጭን ብረት ነው። ከቤታችን አጠገብ ያለው የሩዝ መፈልፈያ ሲነሣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ በጠረጴዛው አልፎ ክንዱ ውስጥ ይገባና የዘፋኙን ድምፅ ያበላሸዋል። እሳቸውም ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠው ክንዱ ላይ ይጠመጥሙ ነበር። ከዚያ ብረቱ ሲመታ መጮኹን እስኪተው ድረስ ጎማውን ወደፊት ወደኋላ ያንሸራትቱታል።

«መጀመሪያ ብረቱን ዝም አሰኘው፤ ሰውየው ያን ጊዜ ይዘፍንልሃል» ይሉኝ ነበር።

ጎማው ግን ሁሉን አይችልም። አንድ ቀን የመፈልፈያውን ባለቤት፣ «ልጄ፣ አንዲት ሸክላ እስክታልቅ ብቻ አቁምልኝ» ብለው ለመኑት።

«ምነው ጋሼ! የፎገራ ገበሬ ጆንያውን ተሸክሞ ይቁም፣ እርስዎ እስክስታ ይምቱ?» አላቸው። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሣቀባቸው። አጎቴ ወደ ቤት ገቡ።

የቀብራቸው ዕለት ይኸው ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። «ለጋሼ ክብር ስል ሞተሩን አጥፍቼዋለሁ» አለኝና እንዳመሰግነው ጠበቀ። አላመሰገንሁትም። ለአንዲት ሸክላ የነፈጋቸውን ለሬሳቸው ሰጥቶ ክብር ይለዋል!

ትቼው ገባሁና ማጫወቻው ፊት ቆምሁ። ወለሉ አይንቀጠቀጥም፤ ክንዱም ረግቷል። አጎቴ የለመኑት ጸጥታ ቤቱን ሞልቶታል። ለቅሶ ቤት ግን ዘፈን አይከፈትም።