ሄልሜት አውልቆ መሳለም

ልጄ ሞተር ሲነዳ ጥንቁቅ ነው። ከመነሳታችን በፊት ነጠላዬን ወገቤ ላይ አዙሮ ከፊት በኩል ያስርልኛል። «ጎማ ነጠላ ይወዳል፣ እማ፤ አንቺንም ደርቦ እንዳይወስድብኝ» ይለኛል። ቁልቁለት ላይ ቀስ ይላል፤ ከብት ካየ ይቆማል። ሄልሜት ሁለት ገዝቷል፤ አንዱ የእኔ ነው። በሻሼ ላይ ሳጠልቀው ጎረቤቶቼ «ወታደር ሆንሽ» እያሉ ይስቁብኛል።

እየነዳ የሚያወልቀው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። በእኛ አገር ባርኔጣ ደፍቶ በዚያ ማለፍ ነውር ነው። ባለ ሞተሮቹ ሁሉ በአንድ እጃቸው ሄልሜቱን አንስተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳይቆሙ ያልፋሉ።

የመስከረም መጨረሻ ነበር። የእህቴ የልጅ ልጅ ክርስትና ስለሚነሳ በጠዋት ከደብረ ማርቆስ ወጣን፤ ደምበጫ ሳንደርስ ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ መንገድ ታጠፍን። ዝናቡ ቆሟል። ግራና ቀኝ ኑጉ አብቧል፤ ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ልጄ ያንጎራጉራል፤ እኔ ከኋላው ዳዊት በልቤ እደግማለሁ።

ኩርባው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ታየ። ልጄ ግራ እጁን ከመሪው አንስቶ ሄልሜቱን አወለቀና ጎንበስ አለ። እህል የጫነ ፈረስ በሞተሩ ድምፅ ደንብሮ ከባለቤቱ እጅ አመለጠና ከአጥሩ ጥግ ዘሎ ወጣ። ጎማችን እግሩን መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። እኔ ቦዩ ውስጥ፣ ጭቃ ላይ ወደቅሁ። ልጄ በጭንቅላቱ ድንጋይ ላይ ወደቀ።

በጉልበቴ ድኼ ደረስሁበት። ከግንባሩ እስከ ጆሮው ተተርትሯል፤ ደሙ ዓይኑን ሞልቶታል። ይተነፍሳል፤ አይናገርም። ከጎናችን ፈረሱ ሊነሳ ይታገልና በተሰበረው እግሩ ላይ ይወድቃል፤ ጩኸቱ የሰው ይመስላል።

ባለ ፈረሱ እየሮጠ መጣ። ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ ጠመንጃ አንግቷል፣ ዱላ ይዟል። የከተማ ዱርዬ ሰክሮ እየነዳ ከብት ፈጀ እያለ ይሳደብ ነበር። ዱላውን የልጄ ትከሻ ላይ አሳረፈው። ሁለተኛው እኔ ላይ አረፈ፤ ልጄን በገላዬ ሸፍኜው ነበርና። ክንዴ ደነዘዘ። ከዚያ ዱላውን ጥሎ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ሲያቀባብል ሰማሁት።

የልጄን ራስ በደረቴ ከለልሁት። 

«በሕግ አምላክ፣ ወንድሜ» አልሁት። «ሊሳለም ነው የጎነበሰው።»

ሰውየው ባለበት ቆመ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው አይራመድም። መሬት የወደቀውን ሄልሜት አየ፤ ቤተ ክርስቲያኑን አየ። አፈሙዙ ግን ገና ወደ እኛ ነበር። «እመቤቴ፣ እኔን አስቀድሚኝ» አልሁ በልቤ።

ከዚያ ዞረ። ወደ ፈረሱ ሄዶ አንገቱን ደባበሰውና ግንባሩን በጥይት መታው።

ሲመለስ ያለቅስ ነበር። ከአንገቱ ላይ ፎጣውን አውርዶ የልጄን ራስ አሰረ።

«ተነሽ እናቴ፤ ደሙ ሳያልቅ እናድርሰው» አለኝ።

ተኩሱን ሰምተው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የወጡ ሰዎች ቃሬዛ ሠሩ። እስከ አስፋልቱ በትከሻቸው አደረሱት፤ ባለ ፈረሱም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር።

ልጄ ተሰፋ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ፈረሱ ነው። ስነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የንስሐ አባታችን ሊጠይቁት መጡ። ሄልሜት አድርጎ ደጀ ሰላም ማለፍ ኃጢአት ይሆን እንደሆነ ጠየቃቸው።

«አባቶችህ ከበቅሎ ወርደው ነበር የሚሳለሙት» አሉት። «አንተ የማትወርደው በቅሎህ ከእነርሱ በቅሎ ስለበለጠች ነው?»

ልጄ ሳቀ፤ ስፌቱ አሳመመው።

በኋላ ሽማግሌዎች ከባለ ፈረሱ ጋር አስታረቁን። ሌሎቹ ስለ ፈረሱ ምትክ ሲነጋገሩ እኔ ወደ እርሱ ጠጋ ብዬ የክርስትና ስሙን ጠየቅሁት። ለምን እንደፈለግሁት ጠየቀኝ። ለጸሎት ነው አልሁት። ዓይኔን ሳያይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገረኝ።

ጠዋት ጠዋት ከልጄ ስም ቀጥዬ እጠራዋለሁ።