ማሽላ በምን ያያል?

ድሬዳዋ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። በየዓመቱ አንዱ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ሰሌዳው ላይ መስኮት እሥላለሁ፤ ወደ መስኮቱ ያዘነበለ ተክል እጨምርበታለሁ፤ "ተክል ወደ ብርሃን ይዞራል" ብዬ ጽፌ አልፋለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ በአማርኛ አብራራለሁ፣ ያልገባቸው እርስ በርሳቸው በኦሮምኛና በሶማልኛ ይንሾካሾካሉ፣ ከዚያ ይደወላል።

ያን ዓመት ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከገጠር፣ ከቢዮ አዋሌ መጥታ ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና የምትማር ናት።

"ቲቸር፣ ተክል ዐይን የለውም። ብርሃኑ በየት በኩል እንዳለ በምን አወቀ?"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። እውነቱን ለመናገር መልሱን በደንብ አላውቀውም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከሸመደድኩት ውስጥ የቀረኝ አንድ ሁለት ስም ብቻ ነበር።

"ይሄ ለፈተና አይመጣም፤ ቁጭ በይ" አልኳት።

ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል እጇን አላወጣችም። በፊት ሳትጠይቅ የምትወጣበት ክፍለ ጊዜ አልነበረም። አሁን ግን ስጠራት ትክክለኛውን መልስ ትሰጠኛለች፣ ከዚያ አንገቷን ደብተሯ ላይ ትደፋለች። ብትኮራብኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳ ስበላም፣ ባጃጅ ስጠብቅም ያ የተደፋ አንገት ይመጣብኝ ጀመር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ፣ የኒም ዛፉ ሥር ተቀምጬ ነገሩን በስልኬ አነብ ነበር። አባቴ አጠገቤ ነው። ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፤ ዕድሜውን በድሮው ባቡር ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል። ባቡር ሲገባና ሲወጣ በእጅ ፋኖስ ምልክት ይሰጥ ነበር። ሥራውን ካቆመ ወዲህ ወንበሩን ከጥላ ወደ ጥላ ሲያዛውር ይውላል እንጂ ብዙ አያወራም። በድሬ ወግ አባቴንም አንተ ነው የምለው።

"አባዬ፣ ተክልን የሚያዞረው ሰማያዊ ብርሃን ነው ይላል። ቀዩ አያዞረውም። በዐይኔ ባየው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ባለቀለም መስታወት ከየት አባቴ ላምጣ?"

አባቴ ተነሥቶ ቤት ገባና በአሮጌ የሥራ ካፖርቱ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ወጣ። ፋኖሱ ነበር። ልጆች ሳለን እንድንነካው አይፈቅድልንም ነበር።

"ቀይና ሰማያዊ አለኝ" አለ።

"ሰማያዊ? አረንጓዴ አይደል እንዴ የሚያበራው?"

"አረንጓዴ የሚሆነው ላምባው ሲበራበት ነው። የላምባ እሳት ቢጫ ነዋ። መስታወቱን ቀን አውጥተሽ እዪው።"

ክቡን መስታወት ከማቀፊያው አውጥቶ ወደ ሰማይ ያዘው። እውነትም ሰማያዊ ነበር። ከዚያ ፋኖስ አጠገብ አድጌ ይህን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ቀፊራ ገበያ ሄጄ ማሽላ ገዛሁ። ሻጯ "ለገንፎ ነው ለእንጀራ?" ስትለኝ "ለመዝራት" አልኳት፤ ቤት ውስጥ በቲማቲም ድልህ ጣሳ እንደምዘራው ግን አልነገርኳትም። ማሽላውን ነክሬ በሁለት ጣሳ ዘርቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። በሦስተኛው ቀን እንደ መርፌ የቀጠኑ ነጫጭ ቡቃያዎች ወጡ። ሁለት የጫማ ካርቶን ወስጄ በእያንዳንዳቸው አንድ ጎን ላይ ቀዳዳ አወጣሁ፤ አንዱ ላይ ቀዩን፣ ሌላው ላይ ሰማያዊውን መስታወት በፕላስተር ለጠፍኩ። ከምሳ በኋላ ጣሳዎቹን ካርቶኖቹ ውስጥ አስገብቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። አሥር ሰዓት ላይ ስከፍታቸው ሁሉም ተቀቅለው ተኝተዋል።

አባቴ ጎንበስ ብሎ አያቸውና ሳቁን ማፈን አቃተው።

"በዚህ ሰዓት ድሬ ውስጥ ቆሞ የሚገኝ ነገር አለ? ሰውም ተኝቷል እኮ!"

እኔም ሳቅኩ። አባቴን እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ!

እንደገና ዘራሁ። ሁለተኛውን ሙከራ በማለዳ፣ በረንዳው ጥላ ላይ አደረግነው። "አደረግነው" የምለው አባቴ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ስለ ተቀመጠ ነው። ካርቶኑ በየመሀሉ ቢከፈት የውጪው ብርሃን ገብቶ ሥራውን እንደሚያበላሽ ነገርኩት። እሱም በየግማሽ ሰዓቱ ጻፈ፦ "2፡30፣ አልተከፈተም። 3፡00፣ አልተከፈተም።" አምስት ሰዓት ላይ ከፈትን። በቀዩ በኩል ያሉት ቀጥ ብለው ቆመዋል። በሰማያዊው በኩል ያሉት ሁሉም፣ አንድም ሳይቀር፣ ወደ መስታወቱ ጎንበስ ብለዋል።

አባቴ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ መልሶ አደረገ። "ቀዩን አላዩትም ማለት ነው?"

"ያዩታል፤ ቀይ ብርሃንን የሚለይ ሌላ ፕሮቲን አላቸው። ለመዞር ግን ሰማያዊውን ነው የሚጠብቁት። በእያንዳንዱ ሴል ዙሪያ ስስ ሽፋን አለ አይደል? እሱ ላይ የተቀመጡ ጥቃቅን ፕሮቲኖች አሉ። ሰማያዊ ብርሃን ሲነካቸው ቅርጻቸው ይለወጣል። ያኔ የሚያሳድገው ሆርሞን ብርሃን ካለበት ጎን ሸሽቶ በጥላው ጎን ይበዛል። በጥላው በኩል ያሉት ሴሎች ይለጠጣሉ፣ ይረዝማሉ። አንዱ ጎን ረዝሞ ሌላው ሲያጥር..."

"ይጎብጣል" አለ። "ስለዚህ ብርሃኑ አይስበውም። የሚገፋው የራሱ ጀርባ ነው።"

አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬ እንዲህ አጥርቼ ተናግሬው አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ካርቶኖቹንና ጨለማ ውስጥ የበቀሉ አዳዲስ ቡቃያዎችን ይዤ ልወጣ ስል አባቴ ሸሚዙን ቀይሮ በር ላይ ቆሟል። "መስታወቱ ብቻውን አይሄድም" አለኝ።

ክፍል ገብቼ አባቴን አስተዋወቅኩና ወደ ኋላ፣ ወደ ልጅቷ አየሁ።

"ባለፈው ጥሩ ጥያቄ ተጠይቆ ነበር። መልሱን ስለማላውቅ ነው ቁጭ በይ ያልኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ልጅቷ ግራ ገብቷት "ኧረ ቲቸር፣ እኔ ረስቼዋለሁ እኮ" አለች። እንዳልረሳች ፊቷ ይናገራል።

ቤት ያየነውን ነገርኳቸው፤ አባቴም ደብተሩን አነበበላቸው። "አልተከፈተም" የሚለው ሲደጋገም ሳቁ፤ እሱም አልከፋውም። ልጅቷ ቀስ ብላ እጇን አወጣች።

"የትኛው አካሉ ነው የሚያየው? ለአንዳንዱ አናቱን፣ ለአንዳንዱ እግሩን ብንሸፍነውስ?"

እንዲህ ያለ ሙከራ እንዳለ አንብቤ ነበር፤ እሷ ግን ከራሷ ነው ያመጣችው። ከማስቲካ መጠቅለያ ብርማ ወረቀት ቆብ እየሠራች ጫፋቸው ላይ ደፋችላቸው። ሌሎቹን ከሥር ጠቀለለቻቸው። ሰማያዊው መስታወት ያለበት ካርቶን ውስጥ ከተን ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ፀሐይ የማይመታው መስኮት ላይ ተውነው። አባቴ ወንበር ስቦ አጠገቡ ቁጭ አለ፤ ጥበቃውን ለማንም አልሰጥም አለ።

ትምህርት ሲያበቃ ሁሉም ተጋፍተው ገቡ። ልጅቷ ከፈተችው። እግራቸው የተሸፈኑት ጎብጠዋል። ቆብ ያጠለቁት ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ሁለቱ ብቻ ቆባቸው ወድቆ እንደ ሌሎቹ ዞረዋል።

"በአናቱ ነው የሚያየው" አለች ልጅቷ። ከዚያ በኦሮምኛ ለጓደኛዋ አንድ ነገር ተናገረችና ሁለቱም ሳቁ። አባቴ ሰምቷል፤ በኦሮምኛ መለሰላቸው፣ ሳቁ በረታ። ምን እንዳሉ እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ እጇን ማውጣት አላቆመችም። ግማሹን ጥያቄዋን "አላውቅም፤ ነገ አይቼ እነግርሻለሁ" ብዬ ነው የማሳልፈው፤ መጀመሪያ ላይ ያስጨንቀኝ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

ያን ሰኞ ሙቀቱ ስለበረታ እኔና አባቴ በባጃጅ ተመለስን። የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ አባቴ ወደ ሾፌሩ ጠጋ ብሎ በሶማልኛ ማውራት ጀመረ። ሶማልኛዬ ጥቂት ነው፤ ግን በእጁ ቡቃያ ሠርቶ ጣቱን ቀስ እያለ ሲያጎብጥ አየሁት። ሾፌሩ በባጃጁ መስታወት አሻግሮ አየኝና "እውነቱን ነው?" አለኝ።

"እውነቱን ነው" አልኩት።

ቤት እስክንደርስ አባቴ ማውራቱን አላቋረጠም።