አርባ አንድ ደቂቃ በሦስት ገመድ

ቆቦ ውስጥ ኡበይድን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። «ስንት ሰከንድ» ነው የሚሉት። ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው የኮምፒውተር መጠገኛው የገባ ሰው ሰላምታውን ሳይጨርስ እሱ ብሎን መፍታት ይጀምራል። ባለሙያነቱን ግን ጠላቱም አይክድም። ግድግዳው ላይ የገመዶችን ፍጥነት በእጁ የጻፈበት ካርቶን ተለጥፏል። የመጀመሪያው ዩኤስቢ፣ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት፣ ኤሊ። ሁለተኛው ዩኤስቢ፣ ሠላሳ። ጠፍጣፋው የድሮ አይዲኢ ገመድ፣ በወረቀት መቶ ሠላሳ ሦስት፣ በተግባር ግን አሮጌ ዲስክ ሲሰካበት አርባ። ኤሊዋን የሚያነሳት ሌላው ሁሉ እምቢ ሲለው ብቻ ነው።

ይህ ችኮላው አንድ ጊዜ ክፉኛ አስከፍሎታል። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ለሥልጠና ወደ ደሴ ሲሄድ አባቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኝተውት፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩለት። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ሲነፋ ኡበይድ «አሚን» እንኳ ሳይል ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሮጠ። ሲመለስ አባቱ ከተቀበሩ ሳምንት ሆኗቸው ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ይህን ነገር ግን ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱ ለራዊያም ቢሆን።

አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ አስፋልቱን ሲያቀልጠው፣ ነሲባ የምትባል ልጅ ከጎብዬ መጣች። በሻሽ የጠቀለለችውን አሮጌ ሀርድ ዲስክ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ኒካዬ ሐሙስ ነው» አለችው። «አባቴ ሸህ ሙህሲን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ታላቅ እህቴን ሲድሩ ለእኔም መርቀው ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ‹ይቺም ትንሿ ቀኗ ሲደርስ› ብለው። የቀረጸው ቪዲዮ ቤት ተዘግቶ ዕቃው ሲሸጥ ይሄን አገኘሁት። ድምፃቸውን ሳልሰማ እንዴት ልዳር?»

ኡበይድ ዲስኩን አስነስቶ ጆሮውን አስጠጋ። ውስጡ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። «ይሄ አልቆለታል። ሁለት ሦስቴ ቢነሳ ነው። ውስጡ ያለው ዛሬ ካልወጣ መቼም አይወጣም።»

መጀመሪያ በሁለተኛው ዩኤስቢ ሰካው። የሠርጉ ፎቶዎች በሰከንድ ሠላሳ ሜጋባይት እየነጎዱ ገቡ። የዱዓው ቪዲዮ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ወደ መቶ ሰባ ኪሎባይት ወረደ። በአሥራ አራት ሰከንድ ማለቅ የነበረበትን ነገር ኮምፒውተሩ አርባ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል አለ። ኡበይድ ተናደደና አቋረጠው። ዲስኩ አቃሰተ።

በአይዲኢው ገመድ ሞከረ። የሠርጉ ዘፈን ገና ዓይኑን ሳያርገበግብ ገባ። የዱዓው ቪዲዮ ግን አሁንም መቶ ሰባ ኪሎባይት፣ አሁንም አርባ አንድ ደቂቃ። ዳግመኛ አቋረጠው። ዲስኩ አሁን ከበፊቱ ብሶ ጮኸ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ገመዶች አናውቀውም አሉ።

የታመመ ዲስክ እንደሚጎተት ኡበይድ ያውቃል። በተለያየ ገመድ እኩል ሲጎተት ግን አይቶ አያውቅም። በዚያ ሐሩር ጀርባው ቀዘቀዘው። የቀረችው ኤሊዋ ብቻ ነበረች። ሰካት፤ ዲስኩ ተነሳ።

«ስንት ይላል?» አለች ነሲባ።

«አርባ አንድ ደቂቃ።»

ነሲባ ዲስኩ ላይ የተለጠፈችውን የደበዘዘች ወረቀት በጣቷ አሳየችው። «የሸህ ሙህሲን ዱዓ፣ 41 ደቂቃ» ይላል። ኡበይድ በልቡ አሰላው። ቪዲዮው የሚገለበጠው ሰውየው በሚናገሩበት ፍጥነት ነበር።

«ሁለቴ አቋረጥካቸው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መራቂ አይቋረጥም፣ ወንድሜ።»

እጁ ገመዱ ላይ ነበር፤ አነሳው። ፈርቷል። ትንሽ እንደቆየ ስክሪኑ ላይ የተገለበጠውን የሚያሳየው መስመር ቀጥ ብሎ ቆመ። ዲስኩ ይዞራል፣ የሚመጣ ግን የለም። ነሲባ መዳፏን ዘርግታ «አሚን» አለች። መስመሩ ተንቀሳቀሰ። ደግሞ ቆመ፤ ደግሞ «አሚን» አለች፤ ደግሞ ሄደ። ኡበይድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን ሳያይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

መጨረሻው ላይ፣ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ ሲል፣ ቆመ። ነሲባ «አሚን» አለች። አልሄደም። ደገመች። አልሄደም። ዲስኩ ማንኳኳት ጀመረ።

«ባላህ፣ አንተም በል!» አለችው እንባዋ እየመጣ።

መናኸሪያው፣ ጥሩምባው፣ የአባቱ የተዘረጉ እጆች በኡበይድ ፊት ድቅን አሉ። ዘይት የነካውን መዳፉን ዘረጋና «አሚን» አለ። ቪዲዮው አለቀ። ዲስኩ አንዴ ጠቅ ብሎ ጸጥ አለ፤ ዳግመኛም አልተነሳ።

ቪዲዮውን ከፈቱት። ሸህ ሙህሲን በሰው መሐል ተቀምጠው፣ ረጋ ብለው ይመርቃሉ። ባረፉ ቁጥር ከሕዝቡ ድምፅ በላይ አንዲት ሴት «አሚን» ትላለች። ነሲባ አፏን በሻሿ ያዘች። የያኔዋ ትንሿ ነሲባ እናቷ ጉያ ውስጥ ተኝታ ትታያለች፤ ድምፁ ግን የዛሬው የእሷ ነው።

«ይቺም ትንሿ ቀኗ ሲደርስ፣ ትዳሯን የሰመረ፣ ቤቷን የሞላ ያድርግላት» አሉ ሸሁ። ነሲባ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ሸህ ሙህሲን እጃቸውን ግን አላወረዱም። ቀና ብለው፣ አንድ የቀረ ሰው እንደሚጠብቁ ሁሉ፣ ወደ ካሜራው እያዩ ዝም አሉ። ኡበይድ ከወንበሩ ተነሳ።

ከዚያም ከሠርገኛው መሐል አንድ የወንድ ድምፅ «አሚን» አለ። ድምፁ የኡበይድ ነበር። ሽማግሌውም ፊታቸውን በእጃቸው አብሰው ዱዓውን ዘጉ።