የአደባባዩ ላም ጠባቂ

ሱሉልታ አደባባይ ላይ የሰፈሩ ሰው ተሰባስቦ የቀባት የሲሚንቶ ላም አለች። ጠባቂዋ ሽማግሌ ናቸው፤ ካፖርታቸው የዘበኛ፣ ቦት ጫማቸው ግን በረት የለመደ ነው። ማንም የማያያቸው ሲመስላቸው የላሟን ግንባር ያካሉ። እዚያው በቆሎ የምትጠብሰው ያኔት ግን ታያቸዋለች።

ዛሬ ዝናቡ ሲወርድ ጃንጥላቸውን ለላሟ ያዙላት። ራሷን ሸፈነ እንጂ ወገቧ ድረስ አልደረሰም።

«አባባ፣ እርስዎ ይጠለሉ እንጂ። ሲሚንቶ እንደሆነ አይበርደውም።»

«ለምረቃ ተቻኩለው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ነው የቀቧት።»

ነጩ ቀለም ከግቷ መንጠባጠብ ጀመረ። ሽማግሌው ጃንጥላውን ጥለው፣ ሁለት እጃቸውን ገጥመው ከሥር ደቀኑ። ሞላ፤ በጣታቸው መሃል ፈሰሰ።

«የኔዋ ላም» አሉ ወደ ያኔት ሳይዞሩ፣ «እዚሁ ቦታ ሳልባት፣ ጥጃዋን ካላየች ጠብታ አትሰጥም ነበር።»